የታጠፈው ስንዝር

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ይዛ የቀረች፣ ከመኪና መንገድ ዳር ባለች ብርዳማ ከተማ የምትኖር ሴት። ለራሷም ለልጆቿም ልብስ የምትሰፋው በገዛ እጇ ነበር። ሱቅ ገብታ የተሰፋ ልብስ ገዝታ አታውቅም።

እንዴት ትሰፋ ነበር መሰላችሁ? ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ታመጣለች። አራግፋ፣ ጠርጋ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ታስተካክለዋለች። ልጁን ፊቷ ታቆመዋለች። «ቀጥ በል! እንደ አያትህ አትጉበጥ!» ትለዋለች። በስንዝሯ ትለካውና ወረቀቱን ትቆርጣለች፤ ይኼ ጀርባ፣ ይኼ እጅጌ፣ ይኼ አንገት። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አንጥፋ፣ ዙሪያውን በሳሙና ቁራጭ አስምራ፣ መስመሩን በመቀስ ትከተላለች።

የልጆቿ ወረቀት ግድግዳው ላይ፣ በየሚስማሩ ተንጠልጥሎ ይውላል። ንፋስ ሲገባ ይንኮሻኮሻል። «ልጆቼ እያወሩ ነው» ትላለች።

ይህች ሴት አዳማ የምትኖር እህት ነበረቻት፤ አስካለ የምትባል። አስካለ ቤቷ ሞልቶ ልጅ የጎደለባት ሴት ነች። አንድ ቀን መጣችና «ትልቋን ስጪኝ፣ ላስተምራት» አለች። አክስት የእህቷን ልጅ ወስዳ ብታሳድግ በአገራችን ነውር አይደለም፤ ዝምድና ነው። እናትየዋ ሰጠች። የሰባት ዓመት ልጇን፣ ትርንጎን ሰጠች።

አስካለ ስትሄድ አንድ ቃል ተናገረች። «እስክትለምድ ድረስ አትምጪባት። ካየችሽ ታለቅሳለች።»

«እስከ መቼ?» አለች እናት።

«እስክትለምድ ነዋ!»

ወገኖቼ፣ ልጅ እስክትለምድ ስንት ጊዜ ይፈጃል? እናትስ እስክትለምድ?

ዓመቱ ዞሮ በዓል ደረሰ። እናት አበባ ያለበት ፖፕሊን ገዛች። ወረቀቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደች፤ ግን ወረቀቱ የአምና ነው። ልጅ ያድጋል፣ ወረቀት አያድግም። ልጅቷን አቁማ እንዳትለካት ልጅቷ የለችም። ምን ታድርግ?

ወደ መናኸሪያ ሄደች። ወደ አዳማ የሚሄደው አውቶቡስ ረዳት ገዛኸኝ ይባላል፤ አስካለ ቤት ዕቃ ያደርሳል። ጣሪያው ላይ ጭነት እያሰረ ነበር፤ ጠርታ አስወረደችው።

«ገዛኸኝ፣ ልጄን አየሃት?»

«አየኋት እትዬ። አድጋለች!»

«እስከ የትህ ትደርሳለች?»

«እንዴ! እኔ ምኑን አውቄው?» አለና ቀበቶውን ነካ። «እዚህ ጋ ትሆናለች።»

ሴትየዋ ከጉያዋ ሲባጎ አወጣች። እዚያው ተሳፋሪው ፊት ተንበረከከችና ከጫማው እስከ ቀበቶው ለካችው።

«ኧረ እትዬ፣ ሰው እያየ!»

ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ምነው ገዛኸኝ፣ ሱሪ ልታሰፋ ነው ወይስ የሬሳ ሳጥን?» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሲባጎው ላይ ቋጠሮ ቋጥራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ግን የልጅ ቁመት በሰው ቀበቶ ይታመናል? አይታመንም። ያውም ገዛኸኝ ቀበቶውን ዝቅ አድርጎ የሚታጠቅ ጎረምሳ ነው። ስለዚህ ምን አደረገች? የቀሚሱን ጫፍ ስትዘመዝም አንድ ሙሉ ስንዝር ጨርቅ ወደ ውስጥ አጠፈች። ቤታቸው የሚሰፉ እናቶች ይህን ያውቁታል፤ ልጅ ስታድግ እጥፋቱ ይፈታል፣ ቀሚሱም አብሯት ያድጋል። ለብርዱም ብላ ወፍራም ገበር አገባችበት።

ቀሚሱን ጠቅልላ ለገዛኸኝ ሰጠችው። «ስማኝ» አለችው። «ቀሚሱን ስትሰጣት ቃሌንም ስጣት። ‹ካጠረሽ ጫፉን ፍቺው። ፈትተሽውም ሲያጥርሽ፣ ያን ጊዜ ነይልኝ› በላት። እስቲ በለኝ።»

ገዛኸኝ አንድም ሳያጎድል አለላት።

«ጎበዝ! ዕድሜ ይስጥህ።»

ልብ በሉ ወገኖቼ። አትምጪባት ተብላለች። እሷ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ልጇ የምትመጣበትን ቀን ቀሚስ ውስጥ ሰፍታ ላከች።

አውቶቡሱ አዳማ ደረሰ። አንዱ «ዶሮዬስ?» ይላል፣ አንዷ «ጌሾዬን አውርድልኝ!» ትላለች። ገዛኸኝ እየሮጠ ሄዶ ቀሚሱን ሰጠ። ቃሉን ረሳ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ስንቱ ሰው ስንት ነገር ይልከዋል! ዕቃ ከእጅ አይጠፋም፤ ቃል ግን ከአፍ ይጠፋል።

ትርንጎ ቀሚሱን ለበሰችው። ከጉልበቷ በላይ ቀረ። አክስቷ አስካለ መርፌ ይዛ የማታውቅ ሴት ናት፤ አየችና «አጭር ነው የኔ ልጅ፣ ምን ይደረግ» ብላ ከሱቅ ሌላ ገዛችላት። ልጅቷም ቀሚሱን አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ምን አሰበች? «እናቴ ቁመቴን ረሳችው» ብላ አሰበች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች?

ገዛኸኝ ሲመለስ እናት መናኸሪያው በር ላይ ቆማለች። «ምን አለች?»

ቃሉን መርሳቱ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ፊቷን አየ። «ደስ አላት እትዬ! ዘለለች!» አላት። አዝኖላት ነው የዋሸው። ስንቱ ውሸት ከአዘኔታ ይወለዳል!

በዓመቱም ሰፍታ ላከች፤ ቃሉ ደርሷል ብላ ስላመነች ግን አልደገመችውም። በሦስተኛውም ዓመት ላከች፤ የሦስተኛውን ለራሷ ቀሚስ ከገዛችው ጨርቅ ላይ ነበር የቀደደችው። ሁሉም አጭር ሆኖ ደረሰ። ሁሉም ሻንጣ ገባ። ከዚያ ገዛኸኝ መስመር ቀየረ፣ መላክም ቀረ።

ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? መጠበቅ ቀረ። እናት የአዳማ መኪና በሚገባበት ሰዓት ሥራዋን ትታ መንገድ ዳር ትወጣለች። «ዘንድሮ ያጥራታል» ትላለች። በሚቀጥለው ዓመት «አሁንስ ፈትታውም ያጥራታል» ትላለች። ከመኪናው ሰው ሁሉ ይወርዳል፤ ቀጭን ልጅ በወረደች ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች። የሌላ ሰው ልጅ ናት። ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ትርንጎም አዳማ ሆና ትጠብቃለች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ከቆሙት እናቶች መካከል የደጋ ነጠላ የለበሰች ሴት ካየች ልቧ ይደነግጣል። የሰው እናት ናት። ወደ አክስቷ ቤት ትሄዳለች።

አያችሁ? እናት «ልጄ ትመጣለች» ብላ ትጠብቃለች። ልጅ «እናቴ ትመጣለች» ብላ ትጠብቃለች። በሁለቱ መካከል ባሕር አልነበረም። ጦርነት አልነበረም። በሁለቱ መካከል አንድ ስንዝር ጨርቅ ነበር።

ስልክ ሲመጣ በበዓል በበዓል ይደዋወሉ ጀመር። «ደህና ነሽ?» «ደህና።» «ታናናሾቼስ?» «ደህና ናቸው።» ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። እናት «ለምን አልመጣሽም?» ብላ አትጠይቅም፤ ልጅቷን ከለመደችበት ቤት ታስኮበልላለች እንዳትባል። ልጅም «ለምን ረሳሽኝ?» ብላ አትጠይቅም፤ መልሱን ፈርታ። ትርንጎ ስታገባ እንኳ ድግስ አልነበረም፤ ለእናቷ የነገረቻት በስልክ ነው። «እሰይ፣ እሰይ» አለች እናት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጥቂት ጊዜ እሰይ ትል ነበር።

ትርንጎ ልጅ ወለደች። ቤተል አለቻት። ቤተል አምስት ዓመት ሲሞላት ትርንጎ «ልጄን የገዛ እጄን ስፌት ላልብሳት» አለች። ለምን? ተሰፍቶ የሚሸጥ ጠፍቶ ነው? አይደለም። እንጃ፣ እጇ አማራት። የእናት እጅ በልጅ እጅ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል መሰለኝ።

ጎረቤቷ ሰናይት የስፌት መኪና ነበራት። «ልክ አለሽ?» አለቻት ሰናይት።

«የምን ልክ?»

«ቅድ ነዋ! ዝም ብለሽ በመቀስ ልትገቢበት ነው? በይ አንድ አሮጌ የልጅ ቀሚስ አምጪ። እንፈታውና ጨርቁ ላይ አንጥፈን፣ ትንሽ አሳንሰን እንቀደዋለን።»

ትርንጎ ሻንጣውን ከፈተች። ሦስቱ ቀሚሶች እዚያው ነበሩ። ከተቀየመች ለምን አልጣለቻቸውም ትሉኝ ይሆናል። የናፈቀ ሰው የተቀየመበትን ዕቃ አይጥልም ወገኖቼ። አይለብሰውም፣ አይጥለውም።

ሰናይት ምላጭ ይዛ ከጫፉ ጀመረች። ክሩን ተረተረችው። ጨርቁ ከውስጥ ወደ ታች ወረደ፣ አሁንም ወረደ።

«አንቺ! ይሄን ሁሉ ጨርቅ ምን ብላ ነው የቀበረችው? የሰፋችው ሴትዮ ስስታም ናት ወይስ ለጋስ?»

ትርንጎ ሁለተኛውን ቀሚስ አንስታ ምላጩን ከሰናይት እጅ ወሰደች። ፈታችው። አንድ ስንዝር። ሦስተኛውን ፈታችው። አንድ ስንዝር፣ ከዚያም ያልፋል።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«አጭር አልነበረም» አለች ትርንጎ።

«ምኑ?»

«አጭር አልነበረም ሰናይት! አጭር አልነበረም!» ብላ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

በማግስቱ ቤተልን ይዛ መኪና ተሳፈረች። እዚያች ብርዳማ ከተማ ደረሰች። እናቷ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር፤ እግሯ አልታዘዝ ብሏት መንገድ ዳር መውጣት ከተወች ቆይታለች። አንዲት ሴት፣ ልጅ አስከትላ፣ ፊቷ ቆመች። እናት ቀና ብላ ብዙ አየቻት። «ማን ልበል?» አላለችም። «እንኳን ደህና መጣሽ» አላለችም። ምን አለች መሰላችሁ?

«አጠረሽ እንዴ?»

«ምኑ እማዬ?»

«ቀሚሱ ነዋ። ፈትተሽውም ሲያጥርሽ ነይ ብዬሽ አልነበር?»

ትርንጎ ያንን ቃል ገና ያን ቀን ሰማችው። ከስንት ዓመት በኋላ! አልደረሰኝም ልትል አፏን ከፈተች። የእናቷን ፊት አየችና ተወችው። እግሯ ሥር ተቀመጠች።

«አዎ እማዬ» አለች። «አጠረኝ።»

እናት በእጇ ፀጉሯን ትዳብሳለች። «ብርዱስ? ገበሩ ይበቃሽ ነበር?»

«አዳማ ብርድ የለም እማዬ።»

«የለም?» አለች እናት። እጇ ቆመ። «የለም እንዴ?»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ላቆምና ተገናኙ፣ ተቃቀፉ፣ ደስ አላቸው ብዬ ላሰናብታችሁ እችል ነበር። ደስ ብሏቸዋልም። ግን ያች የስምንት ዓመት ልጅ ያንን ቀሚስ አልለበሰችውም። ከእንግዲህም አትለብሰውም። «ለቤተል ይሆናል» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይሆናል። ግን ለቤተል አልተሰፋም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከእናንተ መካከል «እግዚአብሔር ለሌላው አርዝሞ፣ ለእኔ አሳጥሮ ሰጠኝ» የሚል የለም? አለ። እኔም ብያለሁ። የሰጣችሁን አንድ ቀን ለክታችሁ፣ «አይበቃኝም» ብላችሁ፣ አጣጥፋችሁ አስቀምጣችሁታል። ጫፉን ነክታችሁታል? ውስጡን ዳስሳችሁታል? የሰጠን እኮ እንደምናድግ ያውቃል። የሚያውቅ ሁሉን በአንድ ቀን ዘርግቶ አይሰጥም።

አባታችሁስ? እናታችሁስ? ያ የከፋችሁበት ወንድማችሁ? «ረሳኝ» ብላችሁ የፈረዳችሁበት ሰው ያኔ ምን ብሎ እንደላከባችሁ ታውቃላችሁ? ስጦታው ደርሷችኋል። ቃሉ ግን ደርሷችኋል? በመንገድ የቀረ ቃል እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እናንተ ላኪዎችም ስሙኝ። «ሳልነግረው ይረዳዋል» ብላችሁ ፍቅራችሁን እንደ ጨርቅ ወደ ውስጥ አታጥፉ። ካጠፋችሁትም ሄዳችሁ በገዛ አፋችሁ ንገሩት። በረዳት አትላኩ። ልጅ እንዲለምድ ራቁ ብትባሉ አንድ ጊዜ እሺ በሉ፤ ሁለተኛ እሺ አትበሉ።

የናፈቃችሁት ሰው በሕይወት አለ? እንግዲያውስ ሂዱ። በስልክ አይደለም፤ በስልክ «ደህና ነኝ» ነው የምትባሉት። በእግራችሁ ሂዱና አጠገቡ ተቀመጡ። «ያኔ ምን ብለኸኝ ነበር?» በሉት። ያፍር ይሆናል፣ ይቆጣ ይሆናል፤ ታገሡት፣ ይነግራችኋል። መቃብርን ይህን ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።