የሐሳብ መስጫው ሣጥን

ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ የፈጠራ ሥልጠና ወስደው እንደተመለሱ የሐሳብ መስጫ ሣጥን አሠርተው እዚያው ቢሯቸው ውስጥ ሰቀሉት። ሠራተኛው ሐሳቡን ጽፎ በመጣ ቁጥር ግን ጸሐፊያቸው «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ከበር ትመልሰዋለች። በስድስተኛው ወር ሣጥኑን ቢከፍቱት ባዶ! ተቆጥተው ሠራተኛውን አዳራሽ ሰበሰቡና ከኋላ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ላይ አፈጠጡ።

«ፈጠራ የማይገባበት ሙያ የለም ብያለሁ! አንቺ፣ አሁኑኑ አንድ አዲስ ሐሳብ ካላመጣሽ መጥረጊያሽን አስረክበሽ ትሄጃለሽ!»

ሐሳቡስ ድሮም ነበራት፤ ያጣችው የሚያስገባት ነው።

«እሺ ጌታዬ፣ ሣጥኑን ሽንት ቤት ይስቀሉት» አለች። «እዚያ ሰው ሁሉ ያለ ቀጠሮ ይገባል፤ ቁጭ ብሎም ያስባል። እርስዎም ቢሆኑ ሲመጣብዎት ‹ስብሰባ ላይ ነኝ› ብለው አይቀሩም።»