ለሚያቃስት ይቀነስለት

አንድ ጊዜ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ሳያባራ የዘነበ ዝናብ ወንዙን ሞላውና ውሃው ሜዳውን ሊውጠው መጣ። የሜዳው እንስሳት መትረፍ የሚችሉት ጭቃውን አቋርጠው ማዶ ያለው ኮረብታ ላይ ከወጡ ብቻ ነበር። እግረ ረጅም የሆነው ሁሉ ሮጦ ማምለጥ ይችላል። ኤሊዎች፣ አይጦችና ጃርት ግን በዚያች አጭር እግራቸው ጉዞ ቢጀምሩ ጎርፉ መንገድ ላይ ነው የሚያገኛቸው።

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ ማንም ማንንም አይበላም! ጎሽ፣ ጅብና አህያ ትናንሾቹን ይሸከሙ። ጭነቱን ቀበሮ ያከፋፍል» ብሎ አወጀና፣ እሱ ቀድሞ ወደ ኮረብታው ወጣ። ንጉሥ ነዋ፣ ምን ይደረግ!

ቀበሮ ብልጥ ነው፤ ሥራ ግን አይወድም። መንገዱን ሙሉ «አንተ ውረድ፣ አንቺ ውጪ» እያለ መጮህ አላማረውም። ስለዚህ ራሱን በራሱ የሚያሠራ ሕግ አወጣ።

«ስሙ! የተሸከማችሁ ሲያቃስት ከሰማችሁ፣ ወርዳችሁ ዝም ወዳለው ትሄዳላችሁ። እኔን መጠየቅ የለም፣ ማንንም መጠበቅ የለም። ለሚያቃስት ይቀነስለት፣ አለቀ!»

«አንተስ ምን ልትሠራ ነው?» አሉት እማማ ኤሊ፣ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ናቸው።

«እኔማ እቆጣጠራለሁ» አለና እመት አህይት ጀርባ ላይ ፊጥ አለ። «ተቆጣጣሪ ደግሞ ከጭነት አይቆጠርም።»

አህይት ምንም ሳትል ጀርባዋን አመቻቸችለት። እሷ እንዲህ ናት። ይሉኝታዋ ለጉድ ነው፤ ጉሮሮዋ በውሃ ጥም ደርቆ እንኳ «እናንተ ቅደሙ» ትላለች።

ለሦስቱም ኤሊና አይጥ እኩል እኩል ተጫነ። ጃርት ጎሽ ላይ ወጣች። ገና አንድ እግራቸውን ሲያነሱ፣ «ወይኔ! ወገቤን!» አለ ጅብ።

«ኧረ ገና አልተንቀሳቀስንም፣ አያ ጅቦ!» አለው ጎሽ።

«ሳስበው ነው የደከመኝ!»

ሕግ ሕግ ነው። ጅብ ላይ ያሉት ሁሉ ዱብ ዱብ ብለው ወርደው፣ እኩሉ ጎሽ ላይ፣ እኩሉ አህይት ላይ ወጡ። ጎሽ ደግሞ የጃርት እሾህ ወጋውና «እህህ!» አለ። የሱም ጭነት ወረደና ጅብ ላይ ወጣ። ጅብ «ወይኔ!» አለ። እንደገና ወረዱ። እንዲህ አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ሃያ ጊዜ ቆሙ። ያንን ሁሉ ጊዜ ከኋላቸው ያለው ውሃ አንድም ጊዜ አልቆመም። ጉዞ የጀመሩበትን ግራር ወገቡ ድረስ ይዞታል።

ጎሽ የጅብን ቅለት አየ። «እኔስ ምን ቤት ነኝ?» ብሎ እሱም ሳይደክመው ያቃስት ጀመር። አንዴ ጅብ፣ አንዴ ጎሽ ሲያቃስት፣ ዝም ያለች አንዲት ብቻ ቀረች። ኤሊው፣ አይጡ፣ ጃርቷ፣ ሁሉም እሷ ላይ ወጣ። ቀበሮ በተቆጣጣሪነቱ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል።

እመት አህይት የጎርፉን ድምፅ በሁለቱም ጆሮዎቿ ትሰማለች። አንድ እግሯን ስትነቅል ሌላው ይሰምጣል። «እህ» ብትል ኖሮ ይቀነስላት ነበር። ግን «ምን ይሉኛል?» አለች በልቧ። «እማማ ኤሊን በዚህ ዕድሜያቸው ጭቃ ውስጥ ላውርዳቸው? እንዴት ተደርጎ!» ጥርሷን ነክሳ ሁለት እርምጃ ጨመረች። ሦስተኛው ላይ ሆዷ ጭቃውን ነካ። ቆመች።

«ምነው ቆምሽ?» አለ ቀበሮ።

«ም... ምንም። አየሩን ትንሽ ልየው ብዬ ነው።»

«ምን ያለው አየር ነው!» አሉ እማማ ኤሊ። «ሆዴ ጀርባሽ ላይ ተለጥፏል እኮ! ልብሽ ሲደልቅ እኔን ያንዘፈዝፈኛል።» አንገታቸውን ከቤታቸው አውጥተው ወደ ኋላ፣ ወደ ጭቃው አዩ። «እስቲ ሁላችሁም ዱካውን እዩት! የጅብ ዱካ ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። የጎሽ ሰኮናውን አያልፍም። የዚችን ምስኪን ተመልከቱ፣ ከጉልበቷ በላይ ነው!»

ከኋላ ግራሩ ሲገነደስ ተሰማ።

«ካሁን በኋላ ጆሯችሁን ድፈኑ፣ ዓይናችሁ ጭቃው ላይ ይሁን» አሉ እማማ ኤሊ። «ዱካው ከጉልበት ለጠለቀ ብቻ ይቀነስለታል። የሚቀነሰውም ዱካው ስስ ወደሆነው ይሄዳል። ጉልበት እስካልደረሰ ድረስ ግን ማንም ንቅንቅ አይበል፤ የጨረሰን ይኼ መውጣት መውረዱ ነው!»

«ሕግ አውጪው እኔ ነኝ!» አለ ቀበሮ።

«አንተ በቅድሚያ ውረድ። ጭቃው ተቆጣጣሪና ጭነት አይለይም።»

ቀበሮ ወረደ፤ እስከ ደረቱ ገባ። ጅብ ላይ ውጡ ሲባሉ አይጦቹ ጮኹ። «እኛ አንወጣም! ዛሬ አይበላም ቢባልም ምላሱን ሲያወጣ አይተነዋል!»

«እናንተ ወደ ጎሽ። ጅብ ላይ ጃርትና ኤሊዎች ይውጡ። እነሱን ልዋጥ ቢል ጉሮሮው ይፍረድበት።»

«ወይኔ! ወገቤን!» አለ ጅብ። ሁሉም ጭቃውን አዩ። ዱካው ሰኮና እንኳ አያህልም። ማንም አልወረደም።

«አያ ጅቦ» አለችው ጃርት ቀስ ብላ፣ «ሰው ሲጮህብኝ እሾሄ ይቆማል። ልማዴ ነው።»

ጅብ ጸጥ ብሎ መራመድ ጀመረ።

አህይት ላይ እማማ ኤሊና አንድ የልጅ ልጃቸው ብቻ ቀሩ። የቀኝ እግሯ «ቧ» ብሎ ተነቀለ። ከዚያ የግራው። ውሃው ጅራቷን አረጠበው፣ የኋላ እግሯንም ላሰው፤ እሷ ግን ሄደች። የመጨረሻዋን እርምጃ ደረቅ ድንጋይ ላይ ስታሳርፍ፣ ቆማበት የነበረው ጭቃ ከጎርፉ ጋር ሄደ።

የኮረብታውን ዳገት ሲጀምሩ እማማ ኤሊ፣ «ልጄ፣ ምናለ አንዴ እንኳ እህ ብትዪ?» አሏት።

አህይት ጆሮዎቿን ጣለች። ዙሪያዋን አየች። ቀበሮ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ዳገቱን ለመጨረስ አንድ እጁን ቀስ አድርጎ ጀርባዋ ላይ እያሳረፈ ነው።

«እንግዲህ... ከጠየቁኝ... ደክሞኛል» አለች።

እማማ ኤሊና የልጅ ልጃቸው ወዲያው ዱብ ዱብ አሉ። ቀበሮም እጁን ሰበሰበ።

ከዚህ የምንማረው ሸክም የሚያከፋፍል የጮኸውን ከመስማቱ በፊት የማን እግር እንደሰመጠ ጎንበስ ብሎ ማየት እንዳለበት፣ የሰመጠውም ቢሆን ይሉኝታውን ትቶ «ደክሞኛል» ማለት እንዳለበት ነው።