ሰም የፈራው ክር

ቀረብ ቀረብ በሉ። ያዛጋ ይውጣ፣ ያላዛጋ ይስማ። ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኝ እንጂ! እሺ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ መርፌው ያወራ ነበር፣ ወስፌው ያማርር ነበር፣ ምንቸቱም ሳይቀር ይነጫነጭ ነበር። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ዝም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ንብ አናቢው ቢያድግልኝ። በልጅነቱ ታሞ ድምፁ ጠፍቷል። መጻፍ ግን ያውቃል። አምና ማር ይዞ ገበያ ሲወርድ መንገድ ጠፋበትና፣ ማንንም መጠየቅ አቅቶት ሦስት ቀን ጫካ ለጫካ ሲንከራተት ሰነበተ።

ዘንድሮ ታዲያ እህቱ እንጉዳይ፣ «ወንድም ዓለም፣ በኪስህ የምትይዛት ደብተር ሳልሰፋልህ ከዚህ ቤት አትወጣም» አለችው።

ስምንት ሉክ ወረቀት ከደብሩ ጸሐፊ ለምና አመጣች። ሁለት ላይ አጠፈች፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ከተተች፣ በፍየል ቆዳ ቁራጭ ሸፈነች። ወስፌው እያማረረ እጥፋቱን ሦስት ቦታ በሳው። የቀረው ክሩ ነው።

ክሩ ደግሞ ተራ ክር እንዳይመስላችሁ! ከእንጉዳይ የሰርግ ቀሚስ የተረፈ፣ ነጭ፣ ወሬኛ ክር ነው። ቀኑን ሙሉ ሰርጉን ያወራል። ማን በላ፣ ማን ሰከረ፣ ማን ሳይጠራ መጣ።

ይህን የሰማች አይጥ ጠጋ አለችው። አይጥ ወረቀቱን ለልጆቿ መኝታ ፈልጋዋለች።

«ጋሼ ክር፣ የተደገሰልህን ሰምተሃል?»

«የምን ድግስ?»

«ደብተር የሚሰፋበት ክር መጀመሪያ በሰም ይታሻል። ሰም የነካው ክር ደግሞ አፉ ይዘጋል። ለዘላለም!»

ክሩ ክው አለ። «እኔ? ዝም ልል? ሞቼ ነው!»

እንጉዳይ ክሩን ብትፈልግ አጣችው፤ ከመደቡ ሥር ተንከባሎ ገብቷል። በመጥረጊያ አወጣችው። ሰሙን ስታነሳ ክሩ ራሱን ተበተበ። ስትፈታው ረፈደ። ሰሙን ደግማ ስታነሳ ክሩ ለቅሶውን ለቀቀው።

«እትዬ እንጉዳይ፣ በሰርግሽ ይሁንብሽ፣ ሰም አታስነኪኝ! ያለ ሰምም ጠብቄ እይዛለሁ!»

«ሰም ያልነካው ክር ይላላል፤ እኔ ስንቱን አይቻለሁ» አለ መርፌው።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለ ክሩ።

ይኼኔ ወደ ገበያ አብረውት የሚወርዱት ነጋዴዎች ከደጅ ጮኹ፦ «ኧረ ቢያድግልኝ! ፀሐይዋ ከረረች፣ ጥለንህ መሄዳችን ነው!»

እንጉዳይ ተጨነቀች። «በቃ፣ እንደ ፍጥርጥርህ!» አለችና ያለ ሰም ሰፋች። መሃል ገባ፣ ላይ ወጣ፣ ታች ተመለሰ፣ መሃል ተቋጠረ። ቢያድግልኝ ደብተሯን ኪሱ ከቶ፣ ማርና ሰሙን በበቅሎው ጭኖ ሄደ።

በመጀመሪያው ቀን «የበቅሎዬን ግራ ጆሮ አትንኩ፣ ትናከሳለች» ብሎ ጽፎ ለነጋዴዎቹ አሳየ። ሳቁ። እርሱም አብሯቸው ሳቀ፤ ከሰው ጋር ተጨዋውቶ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበርና ደስታውን አልቻለውም። በሁለተኛው ቀን ክሩ ላላ። በሦስተኛው ቀን ተፈታ። ቢያድግልኝ ደብተሯን ባወጣ በከተተ ቁጥር አንድ አንድ ወረቀት ሾልኮ ይወድቃል። አይጥ ሆዬ በስንቁ አቅማዳ ተሸጉጣ መጥታ ኖሮ፣ እየዘለለች እየለቀመች አቅማዳው ውስጥ ትከታለች።

ገበያው ደረሱ። ነጋዴዎቹ በየጉዳያቸው እንደ ተበታተኑ አንድ ሰውዬ ልጓሙን ያዘና፣ «ሌባ! በቅሎዬ ናት!» ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። የገበያው ዳኛ መጡ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት።

ቢያድግልኝ እጁን ኪሱ ከተተ። የወጣለት ባዶ ቆዳና የተንጠለጠለ ክር ነው። በእጁ ቢያመለክት ሰውዬው፣ «ሲሰርቃትም እጁ እንዲሁ ፈጣን ነበር» ብሎ አሳቀበት።

ዳኛው፣ «ዝም ካለ አምኗል። እሰሩት» አሉ።

ክሩ ይህን ሁሉ ያያል። ያዳነው የራሱን አፍ ነው። በዚያ ምክንያት ሌላው ሊታሰር ነው። ጨነቀው።

«ቆዩ!» አለ። «እኔ ክሩ ነኝ። ወረቀቱን የበተንኩት እኔ ነኝ። በቅሎዋ የእርሱ ናት። ይኼ ሰውዬ የእኔ ናት ካለ ግራ ጆሮዋን ይዳብሳት!»

ሰውዬው እየሳቀ ዳበሳት። በቅሎዋ ክንዱን ገመጠችው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ፣ ሰውዬው እየጮኸ ሮጠ፣ ዳኛውም ቢያድግልኝን አሰናበቱት። አቅማዳው ቢራገፍ አይጧ ፈረጠጠች፣ ጠርዛቸው የተቀረጠፈ ወረቀቶች ዝርግፍ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ክሩን ማን ይቻለው! «ከእንግዲህ አፉ እኔ ነኝ!» አለ።

ጠላ ቤት ቢገባ ሻጯ፣ «ምን ልቅዳልህ?» አለችው። ክሩ፣ «ጠላ አይጠጣም፣ ውሃ ስጪው» አለ። ቢያድግልኝ ጠላ ነፍሱ ነው።

አንድ ሽማግሌ፣ «ስምህ ማነው ልጄ?» አሉት። ክሩ፣ «ተዉት ምስኪኑን፣ ድምፅ የለውም» አለ።

የጠላ ሻጯ ልጅ ዘነበች ፈራ ተባ እያለች፣ «አግብተሃል?» አለችው። ክሩ፣ «ማን ያገባዋል ብለሽ ነው!» አለ።

የቢያድግልኝ ፊት ጠቆረ። አንድ ወረቀት አነሳና ጻፈ። ለክሩ አሳየው።

«ስላዳንከኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እስካሁን የተባለው ሁሉ ያንተ ቃል ነው። የእኔ የታለ?»

ክሩ አነበበ። አፈረ።

«ሰሙ አለ?» አለ።

በቅሎዋ የተጫነችው እርሱን አይደል!

«እንግዲያው ጠበቅ አድርገህ እሸኝ» አለ ክሩ። ቢያድግልኝ አመነታ። «እሸኝ አልኩህ! አንድ ነገር ብቻ ልናገርና…»

ሰሙ ነካው። የሚናገረው ነገር ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ቢያድግልኝ ከጠላ ሻጯ መርፌ ተዋሰ። መሃል ገባ፣ ላይ ወጣ፣ ታች ተመለሰ፣ መሃል ተቋጠረ። ቢጎትተው አልላላም። መካከለኛውን ገጽ ገለጠና፣ ክሩ በሚያልፍበት እጥፋት አጠገብ «አላገባሁም» ብሎ ጻፈ። ለዘነበች አሳያት። አንብባ ሳቀች፣ ጠላውንም ቀዳችለት።

ክሩ እዚያው ከቃሉ አጠገብ ነበር። ምንም አላለም።

እና እናንተ ሆይ፣ መናገር ላቃተው ሰው አፍ ልሁነው ከማለታችሁ በፊት ወረቀት እንዳለው ጠይቁት። እኔ ይህን ብዬ ዘጋሁ፤ ዳቦውን ማን ያዘው?