ሳፋ የተደፋበት ቆስጣ

አንዲት አያት ነበሩ። የሚኖሩት ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ፣ ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ከቤዛዊት ጋር ነው። እኚህ ሴት የማያስጨንቃቸው ነገር አልነበረም። ቤዛዊት ስታስል ይደነግጣሉ፤ ዝም ስትል ደግሞ "ምን ሆና ነው?" ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው እናንተ ቤት የለም?

አንድ ቀን የቤዛዊት መምህርት ተማሪዎቿን፣ "እቤታችሁ አንድ ነገር ዝሩ፤ ራሳችሁ አሳድጉና ክፍል አምጥታችሁ ታሳዩናላችሁ" አለቻቸው። ልጅቷ እየበረረች መጣች። እናቷ አሮጌ ጀሪካን ቆርጣ ሰጠቻት። ቤዛዊት አፈር ሞላችበት፤ የቆስጣ ዘር ዘራችበት።

አያትየው ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

"ቤዚ፣ አፈሩ ትል ይኖረዋል እኮ!"

"ትልማ ጥሩ ነው፣ እማማ። አፈሩን ያላላዋል።"

"አንቺንም እንዳያላላሽ! ነይ ግቢ ከፀሐይ፣ ምች ይመታሻል!"

ቤዛዊት እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኖ ትስቃለች። ዘሩ በቀለ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ ቆስጣዋ ትሮጣለች። አያትየውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልባቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጎረቤታቸው እትዬ ዘነብወርቅ ቧንቧ ጋ ውሃ ሊቀዱ መጡና ጀሪካኑ ፊት ቆም አሉ። "ውይ! ውይ ሲያምር! እንዲህ ያለ ቆስጣ አይቼም አላውቅ!" አሉ። አሉና ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ። "እትፍ እትፍ" አላሉም። "እግዜር ያሳድገው" አላሉም። ዝም ብለው ሄዱ!

አያትየው ከበር ላይ ሆነው ሁሉንም ያዩ ነበር። "በቃ፣ የሰው ዓይን ገባበት" አሉ። ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አምጥተው ጀሪካኑ ላይ ደፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ይደፉበታል፤ ከመምጣቷ በፊት ያነሱለታል። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ምን የሆነ ይመስላችኋል? ቆስጣው ገረጣ። አንገቱ ቀጠነ፣ ረዘመ፣ ተኛ። ቤዛዊት ውሃ ጨመረች፤ ባሰበት። ውሃ ቀነሰች፤ ባሰበት። ክፍል የሚወሰድበት ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው። "እማማ፣ የእኔ ብቻ ሊሞት ነው" ብላ አያቷ ጉያ ገብታ አለቀሰች። አያትየውስ? "አላልኩም? ዓይን ነው!" አሉ በሆዳቸው። በማግስቱ ሳፋው ላይ ድንጋይ ጫኑበት።

ፍቅር ሲጨነቅ አያችሁት?

አንድ ቀን መምህራኑ ስብሰባ ኖሯቸው ልጆቹ በጊዜ ተለቀቁ። ቤዛዊት ግቢ ስትገባ ሳፋውን ከነድንጋዩ አገኘችው።

"እማማ! ማነው ይሄን የደፋበት?"

አያትየው ከቤት ብቅ አሉ። መዋሸት አቃታቸው። "እኔ ነኝ፣ እናቴ። ሰው እንዳያይብሽ ብዬ ነው።"

"ቅጠሉ እኮ ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው! በረሃብ ሊሞት እኮ ነው!"

"ዘነብወርቅ እንዴት እንዳፈጠጠችበት አላየሻትማ!"

ልጅቷ እጃቸውን ይዛ ወደ ቧንቧው ወሰደቻቸው። ዘርታ እጇን ስትታጠብ የወደቀች አንዲት ዘር እዚያ በቅላለች። ባልዲ የያዘ ሁሉ በአጠገቧ ያልፋል፤ የግቢው ሰው ሁሉ ያያታል። ቅጠሏ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ!

"ይቺን እትዬ ዘነብወርቅ በየቀኑ ያዩዋታል" አለች ቤዛዊት። "ምን ሆነች?"

አያትየው ጎንበስ ብለው ቅጠሏን አገላበጡ። ምንም አልሆነችም። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቀጥ ብለው እትዬ ዘነብወርቅ ቤት ሄዱ።

"አንቺ ዘነብወርቅ፣ ነይ እትፍ በይልኝ!"

"ምኑ ላይ?"

"ቆስጣው ላይ። ለልቤ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልሸፍነውም።"

"በስመ አብ! ለካ እኔን ፈርተሽ ነው? እኔ እኮ ሳፋሽን ማስቀመጫ አጥተሽ መስሎኝ!" እትዬ ዘነብወርቅ በሳቅ ፍርፍር አሉ። የግቢው ሴት ሁሉ ተጠራ፤ ጀሪካኑን ከብቦ እትፍ እትፍ አለበት። ቤዛዊት፣ "በቃ! በቃ! ውሃ አጠጣችሁት እኮ!" እያለች ትጮኻለች።

ቆስጣው ቀስ በቀስ ቀና አለ። አዲሶቹ ቅጠሎች ለምለም ሆነው ወጡ፤ የታችኞቹ እንደገረጡ ቀሩ። ቤዛዊት እንዲሁ ይዛው ሄደች። ተማሪዎቹ ፊት ቆማ፣ "ይሄ ቢጫው አያቴ ስትሸፍነው የወጣ ነው፤ ይሄ አረንጓዴው ደግሞ ከተወችው በኋላ ነው" አለች። ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ደመቀ። መምህርቷም ያን ቀን ስለ ብርሃንና ስለ ቅጠል ያስተማረችው በዚያው ጀሪካን ነበር።

እናቶች፣ አያቶች፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። የምንወዳቸውን ከስንቱ እንጠብቃለን? ከጭቃ እንጠብቃለን። ከትል እንጠብቃለን። ከፀሐይ እንጠብቃለን፤ ከሰው እንጠብቃለን። ከዚያ ልጁ ሲገረጣ፣ አንገቱን ሲደፋ፣ ሰው ሲፈራ "ምን ነካብኝ?" እንላለን። ምን ነካው? እኛው ነና የነካነው!

አትጨነቁ አልላችሁም። አያት አትጨነቂ ብትባል ትሰማለች እንዴ? ጭንቀታችሁን ግን ወደ ጸሎት ውሰዱት፤ ልጁ ላይ አትጫኑት። ፀሐይን የሚያወጣ፣ ዝናብን የሚያዘንም አምላክ ከእናንተ ይልቅ ይሳሳለታል።

ነገ ጠዋት ልጆቻችሁን ወደ ደጅ አውጧቸው። አፈር ይንኩ። ይዝሩ። ያጠጡ። ጥፍራቸው ይቆሽሽ፤ ሳሙና አለ። ሰውም ይያቸው፣ ይመርቃቸው። እናንተ ከፈለጋችሁ ኮፍያ ይዛችሁ አጠገባቸው ቁሙ፤ መቆም አይከለከልም። ብቻ ጥላችሁ እንዳያርፍባቸው ትንሽ ፈቀቅ በሉ።