ባኞ አንለቅም ያሉት ዓሣዎች

አንዲት ሴትዮ ነበረች። ሀብታም አልነበረችም፣ ድሃም አልነበረችም፤ ባኞ ነበራት። ስሟ ትርንጎ ነው። ባኞው ግን የሰው ገላ አይቶ አያውቅም። ትርንጎ በምትኖርበት አሮጌ ፎቅ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የሁሉም ቤት ባኞ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ነዋሪው የሚታጠበው አጠገቡ ቆሞ፣ ከባኞው በጆግ እየቀዳ ነው።

ዘንድሮ የትርንጎ ዳሌ ታመመ። ሐኪሙ፣ "ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቁጭ ይበሉ፤ አለዚያ ደረጃውን ይርሱት" አላት። የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን መርሳት ማለት ገበያውንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ ሰውንም መርሳት ነው። ስለዚህ ያጠራቀመችውን ውሃ ወደ ጀሪካን ገልብጣ የባኞውን ወለል አየችው። ከእሷ በፊት የነበረው ተከራይ፣ ልጆቹ እንዳይንሸራተቱ ብሎ የለጠፋቸው የዓሣ ቅርጽ ያላቸው ስቲከሮች ተኝተውበታል። ጫፋቸው ተቆልምሟል፤ ከሥራቸው ጥቁር እድፍ ይዘዋል። እንኳን የታመመ ዳሌ ጤነኛም አይቀመጥባቸው።

"ዓሣዎች፣ ባኞዬን ልቀቁ" አለች።

"አንለቅም" አሉ ዓሣዎቹ። "እኛ እዚህ የገባነው ከእርስዎ በፊት ነው። የሚያነሳን ካለ ይምጣ።"

"እኔ አለሁ! አሁኑኑ!" ብሎ ቢላዋ ከመሳቢያ ውስጥ ጮኸ።

"አንተ ዝም በል" አለችው። ታች ያለችው ጎረቤቷ ስቲከር በቢላዋ ፍቃ፣ ነጩ ቅብ ተጭሮ፣ በጭረቱ ዝገት ገብቶ፣ ዛሬ ባኞዋን በረንዳ ላይ አውጥታ ጎመን ዘርታበታለች።

ትርንጎ ሊጥ የምትጠርግበትን የፕላስቲክ መፋቂያ አነሳች። "መፋቂያ፣ ዓሣዎቹን አንሳ። ዓሣ ባኞ አልለቀቀም፣ እኔም ቁጭ አላልኩም።"

"እኔ ለስላሳ ነኝ" አለ መፋቂያው። "በደረቅ ሙጫ ላይ አልሰማራም። መጀመሪያ ዘይት ይግባ።"

ወደ ዘይት ሄደች። "ዘይት፣ ከሥራቸው ግባ። መፋቂያ አላነሳም፣ ዓሣ ባኞ አልለቀቀም፣ እኔም ቁጭ አላልኩም።"

"ሙጫው እንደ ድንጋይ ደርቆ በየት ልግባ?" አለ ዘይት። "መጀመሪያ የሚያሞቀው ይፈለግ። ከዚያ ይጥሩኝ።"

ወደ ፀጉር ማድረቂያው ሄደች። "ማድረቂያ፣ ሙጫውን አሙቅ። ዘይት አልገባም፣ መፋቂያ አላነሳም፣ ዓሣ ባኞ አልለቀቀም፣ እኔም ቁጭ አላልኩም።"

"በእኔ በኩል ሙሉ ፈቃደኝነት አለ" አለ ማድረቂያው። "መብራት የለም እንጂ።"

"እኔ አለሁ! መብራት አልፈልግ፣ ዘይት አልፈልግ!" አለ ቢላዋ። ለሥራው ዝግጁ ሆኖ የተገኘው ሥራውን የሚያበላሸው ብቻ ነበር።

ወደ አምፖሉ ቀና አለች። "መብራት፣ ና። ማድረቂያ አልነፋም፣ ዘይት አልገባም፣ መፋቂያ አላነሳም፣ ዓሣ ባኞ አልለቀቀም፣ እኔም ቁጭ አላልኩም።"

"እኔ ጠፍቼ አይደለም፤ አጥፍተውኝ ነው" አለ መብራት። "የምመለስበት ማብሪያ ደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ተቆልፋለች። ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነው።"

የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ጉደታ ፊት ለፊቷ ነው የሚኖረው። ቤቱ ውስጥ እንኳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚቀመጥ ሰው ነው። በሩን አንኳኳች።

"ጉደታ፣ ያችን ክፍል ክፈትልኝ። መብራት አልመጣም፣ ማድረቂያ አልነፋም፣ ዘይት አልገባም፣ መፋቂያ አላነሳም፣ ዓሣ ባኞ አልለቀቀም፣ እኔም ቁጭ አላልኩም።"

"ዓሣ ነው ያሉኝ፣ እትዬ ትርንጎ?"

"ዓሣ።"

"ብከፍትልዎ ደስታዬ ነበር። ግን ባለፈው አንድ ሰው ገብቶ የማይነካ ነገር ነክቶ ፎቁን በሙሉ አጨለመው። ከዚያ ወዲህ ያለ ኮሚቴው ውሳኔ አይከፈትም ተብሏል።"

"የገባው ሰውዬ ማን ነበር?"

አቶ ጉደታ ኮሌታውን አስተካከለ። "እሱ አሁን አጀንዳ አይደለም።"

የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ምድር ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ትርንጎ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወደ ታች ተጣራች።

"እናንተ ኮሚቴዎች፣ ወስኑ! ሊቀመንበር አልከፈተም፣ መብራት አልመጣም፣ ማድረቂያ አልነፋም፣ ዘይት አልገባም፣ መፋቂያ አላነሳም፣ ዓሣ ባኞ አልለቀቀም፣ እኔም ቁጭ አላልኩም!"

"እንወስን ነበር" አሉ ከታች። "ምልአተ ጉባኤው አልሞላም እንጂ። አንድ አባል በየስብሰባው ትቀራለች።"

"ማን ናት ደግሞ እሷ ሰነፍ?"

"እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ትርንጎ። ባለፈው ምርጫ በሌሉበት መርጠንዎታል። ይውረዱና ይሙሉ።"

"በምን ዳሌዬ ልውረድ?"

"ዳሌዎን ምን ሆኑ?"

"ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቁጭ በይ ተብያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አይቀመጡም?"

ትርንጎ በር ለበር ዞራ፣ ሁሉንም ለምና፣ መጨረሻ ላይ ያገኘችው ራሷን ነው። እያነከሰች ተመለሰች። መሳቢያውን ሳበች። እጇ የቢላዋውን እጀታ ጨበጠ።

"አላልኩዎትም?" አለ ቢላዋ።

ባኞው ላይ ጎንበስ አለች። የቢላዋው ጫፍ ከዓሣው ጅራት ሥር ሊገባ ሲል በጎረቤቷ በረንዳ ላይ ያለው ጎመን በዓይነ ሕሊናዋ ታያት። ቢላዋውን ወረወረችና ወደ ደረጃው ተመለሰች።

"ስሙ!" አለች። "እኔ ካልወረድኩ እናንተ ውጡ። ስብሰባው ባኞ ቤት ነው!"

"ባኞ ቤት ስብሰባ ተደርጎ አያውቅም!"

"በዚህ ፎቅ ባኞ ውስጥ የታጠበ ሰውም የለም። ውጡ!"

እያጉረመረሙ ወጡ። አንዱ የተደፋ ባልዲ ላይ፣ አንዱ የሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ተቀመጠ፤ አቶ ጉደታ ቦታ አጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ትርንጎ የባኞውን ጠርዝ ተደግፋ እጇን አወጣች።

ጉባኤው ሞላ። ኮሚቴው ወሰነ፣ ሊቀመንበሩ ከፈተ፣ መብራቱ መጣ፣ ማድረቂያው ነፋ፣ ሙጫው ለሰለሰ፣ ዘይቱ ገባ፣ መፋቂያው ገፋ፣ ዓሣዎቹም "ይህ ግፍ ነው!" እያሉ ተራ በተራ ተነሡ። የቀረውን ቅባት በሳሙና አጠበችው። ባኞው ነጭ ሆነ፤ አንድ ጭረት አልነበረበትም። የውሃ ማሞቂያውም ከላይ ይንሿሿ ጀመር።

"ይህ የኮሚቴው የተቀናጀ ጥረት ፍሬ ነው" አለ አቶ ጉደታ። ኮሚቴው አጨበጨበ። የሚነሳ ግን ጠፋ። "አሁን ልዩ ልዩ ወደሚለው አጀንዳ እናልፋለን። በዚህ አጋጣሚ ስለ ሥራ አመራራችን ጥቂት..."

ትርንጎ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፈተች። ነጠላዋን አጥፋ ጉደታ ትከሻ ላይ አኖረችው። ሹራቧን አወለቀች። ከዚያ መቀነቷን መፍታት ጀመረች።

ባልዲው ተንከባለለ፣ ክዳኑ ጮኸ፣ ደረጃው በኮቴ ተናወጠ። በዚያ ፎቅ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ያለ መዝጊያ ንግግር ተበተነ።

ትርንጎም ቁጭ አለች።