የሞተረኞቹ ሱሪ

በሞተር ዕቃ የሚያደርስ አንድ ድርጅት፣ አስፋልት የሞተረኞቹን ጉልበት እየላጠ ቢያስቸግረው፣ ጉልበቱ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ሱሪ እንድትሰፋ አንዲት ምላሰኛ ልብስ ሰፊ አዘዘ። ናሙናው ሲደርስ፣ ሞተር ላይ ወጥተው የማያውቁት ሥራ አስኪያጅ አቶ ወንዳፍራሽ ራሳቸው ለበሱትና እስከ ምሳ ሰዓት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡበት። ከዚያም ሞተረኞቹንና ልብስ ሰፊዋን ሰብስበው፣

"ሞክሬዋለሁ፤ መቀመጫ ላይ ይቆረቁራል። ስፖንጁ ከጉልበቱ ተነሥቶ እዚያ ይሰፋ። አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ምርጫዬ ትክክል ነው በይ፣ ወይ ጨርቅሽን ሰብስበሽ ውጪ!" አሉ።

"እትዬ፣ ጉልበታችንን አደራ!" አለ አንዱ ባለፋሻ ሞተረኛ በለሆሳስ።

እሷም መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካችና፣ "ለእርስዎማ ትክክል ነው ጌታዬ" አለች። "ሃያ ዓመት ሱሪ ስጠግን የተማርኩት፣ ሱሪ የሚያልቀው ባለቤቱ በሚሠራበት በኩል መሆኑን ነው። የእነዚህ ልጆች ጉልበቱ ያልቃል። የእርስዎን ደግሞ ሦስት ጊዜ ጠግኜዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ መቀመጫውን! ጉልበቱማ ገና ከሱቅ እንደወጣ ነው።"

ስፖንጁ ከጉልበቱ አልተነቃነቀም። አቶ ወንዳፍራሽ ግን ከዚያ ወዲህ ሱሪያቸውን የሚያስጠግኑት ሌላ ሰፈር ልከው ነው አሉ።