የትርንጎ ቅመምና ያልደረቀው ክር

ተረቴ ከመጥበሻ ይጀምራል፤ የጠገበ ይተኛ፣ የራበው ያድምጥ።

በጎንደር ገጠር፣ በአንድ የቤተ እስራኤል መንደር፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። እጇ ለጥብስ የተባረከ፣ ለመስጠት የታሰረ። ዶሮ ገነጣጥላ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በእርድና በኮረሪማ አሽታ በኑግ ዘይት ስትጠብስ መንደሩ ምራቁን ይውጣል። የሚውጠውም ምራቁን ብቻ ነው፤ ቅመሟን ለማንም አታቀምስማ!

አንድ አርብ ጠዋት ጎረቤቷ እናኑ ሲኒ ይዛ መጣች።

«እትዬ ትርንጎ፣ አንዲት ቁንጥር ቅመም ይስጡኝ።»

ትርንጎ ሙቀጫዋን በነጠላዋ ሸፈነችና «ገና አልደረቀም» አለች። ቅመሙ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ሽታው ወንዝ ተሻግሯል።

በዚያው ቀን ልጇን ለማጨት ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። ትርንጎ ደግሞ «ጥብሴን ሳይቀምሱ ልጄ አትታጭም» ብላ አስወርታለች። ፀሐይ ከጠለቀች ሰንበት ይገባል፤ እሳት ይጠፋል፤ ዶሮው ሳይጠበስ ይቀራል። እንግዶቹ ቆሎ ቆርጥመው ያድራሉ፣ ልጅቷም ቆማ ትቀራለች።

ዶሮውን ታቅፋ እንዲያርዱላት ወደ ቄሱ ሄደች። ቄሱ የካራቸውን ስለት በጥፍራቸው ፈተሹና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ በተሸረፈ ካራ አላርድም። ቀጥቃጩ ጓንጉል ያቃናው።»

ካራውን ተቀብላ ወደ ጓንጉል ሮጠች።

«ጓንጉል ወንድሜ፣ ካራውን አቃናልኝ፤ ካራው ዶሮውን ይረድ፤ ዶሮው ይጠበስ፤ እንግዶቼ ይብሉ፤ ልጄን ልዳር!»

«ወናፌ ተቀዷል፤ ያለ ወናፍ እሳት የለኝም። ቆዳ ሰፊው ድንቁ ይጣፈው።»

ወደ ድንቁ ሮጠች።

«ድንቁ ወንድሜ፣ ወናፉን ስፋልኝ፤ ወናፉ እሳቱን ያንድድ፤ እሳቱ ካራውን ያቃና፤ ካራው ዶሮውን ይረድ፤ ዶሮው ይጠበስ፤ እንግዶቼ ይብሉ፤ ልጄን ልዳር!»

«ክር አልቆብኛል። ወናፍ የሚችል ክር የምትፈትል ደግሞ እናኑ ብቻ ናት።»

ትርንጎ እየተጎተተች ሄደች። እናኑ! ከሰው ሁሉ እናኑ! ዶሮው እንኳ ከብብቷ አንገቱን አውጥቶ ገላመጣት።

እናኑ በሯ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች።

«እናኑ እህቴ፣ ክር ስጪኝ፤ ክሩ ወናፉን ይስፋ፤ ወናፉ እሳቱን ያንድድ፤ እሳቱ ካራውን ያቃና፤ ካራው ዶሮውን ይረድ፤ ዶሮው ይጠበስ፤ እንግዶቼ ይብሉ፤ ልጄን ልዳር!»

እናኑ ሰማዩን አየች፤ እንዝርቷንም አየች።

«ውይ እትዬ! ክሬ ገና አልደረቀም።»

«ክር ደግሞ ይደርቃል እንዴ?»

«እንደርስዎ ቅመም ነዋ!»

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ትርንጎ ቤቷ ገብታ የቅመም ቅሏን አመጣች፤ ጥርሷን ነክሳ ቁንጥር ቅመም ሰጠችና ክሩን ተቀበለች። ድንቁ ቅሉን ሲያይ «ለኔስ?» አለ። ጓንጉልም «ለኔስ?» አለ። ቄሱ እንኳ «ሰንበት እኮ የሁላችንም ነው፣ ልጄ» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። በሰጠች ቁጥር ጥርሷ የተነቀለ ያህል አመማት።

ብቻ ክሩ ወናፉን ሰፋ፤ ወናፉ እሳቱን አነደደ፤ እሳቱ ካራውን አቃና፤ ካራው ዶሮውን አረደ፤ ዶሮውም በቅሉ ትራፊ ታሽቶ ተጠበሰ። የመጨረሻው ብልት ከዘይቱ ሲወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ትርንጎ እሳቱን አጠፋች፤ እንግዶቹም ገቡ።

በሉ። የሽማግሌዎቹ መሪ ጣታቸውን ልሰው እንዲህ አሉ።

«ጥብሱስ ግሩም ነው። ልጅሽን የመረጥናት ግን ገና መንደሩ ስንገባ ነው። የየቤቱ ድስት አንድ ዓይነት ይሸታል። ‹ምንድን ነው?› ብንል ሁሉም ‹የትርንጎ ቅመም› አሉን። ጎረቤቷን የማትረሳ እናት ያሳደገቻት ልጅ ለቤታችን ትሁን።»

ትርንጎ አፈረች መሰላችሁ? ዓይኗን ሰበር አድርጋ «ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው። ደብቆ መብላት አይሆንልኝም» አለች።

ይሄኔ ከአጥሩ ማዶ የእናኑ ድምፅ ተሰማ።

«እትዬ ትርንጎ! የሚመጣው አርብም ክሬ የሚደርቅ አልመሰለኝም!»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በጥብሱ አብሱ።